የአሥር ደቂቃ ሰበብ

ሰኞ፣ ጥቅምት 17፤ ከቀኑ 10 ሰዓት

መብራት የለም፣ ደግሞ። ቬንትሌተሩ ቆሟል። ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጥፏል። ጥቅምት ነው እኮ! ደ/ማርቆስ እናቴ ጋቢ ደርባ በምትንቀጠቀጥበት ወር፣ እዚህ ሸ/ሮቢት የቧንቧው ውሃ ሞቆ ይወርዳል። አራት ዓመት ፊዚክስ አስተማርኩ እዚህ አገር። ሙቀቱን ግን አልለመድኩትም፣ አልለምደውምም።

ስሚኝማ ደብተሬ፣ ዛሬ 11ኛ "ለ" አፋጠጡኝ። ሰሌዳው ላይ የእንቅስቃሴ ቀመር ጻፍኩ። የጊዜውን ምልክት ከፕላስ ወደ ማይነስ ብንቀይረው ቀመሩ ምንም አይለውም፣ ወደኋላም ልክ እንደ ወደፊቱ ይሠራል አልኩ። በራሴ ተደስቼ። አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። ወደኋላ ማለት የቱ ነው? "ኋላ እመጣለሁ" ስንል ገና የሚመጣውን ነው፤ "ወደኋላ ተመልከት" ስንል ደግሞ ያለፈውን። "በፊት" ያለፈው ነው፣ "ወደፊት" የሚመጣው። ታዲያ ቲቸር፣ ፊታችን በየት በኩል ነው? ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። መልስ ያጣ አስተማሪ እንደሚያደርገው የቤት ሥራ አድርጌ ሰጠኋቸው።

ባጃጅ ላይ ሳስበው መጣሁ። ምናልባት የጥንቶቹ ልክ ናቸው። ያለፈው ይታያል፤ ስለሚታይ ፊታችን ላይ ነው። የሚመጣው አይታይም፤ ከኋላ ነው የሚመጣብን። እንግዲያው ሰው የሚሄደው የኋሊት ነው። "ወደፊት" የሚለውን ግን የት ላድርገው? እንጃ። ራሴን አመመኝ፣ ይብቃ።

ያ የዝውውር ቅጽ ጠረጴዛው ላይ አለ። ነገ ዞን ካልደረሰ አለቀ፣ ለከርሞ ነው። የአከራዮቼ ልጅ ከድር ነገ ጠዋት ለውሃ ፓምፑ ዕቃ ሊያመጣ ደ/ብርሃን ይወጣል፤ አደርስልሻለሁ ብሏል። ጨዋ ልጅ ነው። ልጅ እላለሁ እንጂ 33 ሞልቶታል፤ ከአባቱ ከጋሼ ሰይድ ጋር ሽንኩርትና ማሾ ያመርታል። ከእናቱ ከእትዬ ዘሀራ ጋር ግን ሦስት ሳምንት ተኳርፈዋል። ሳይነግሩት ማጀቴ ከተማ ሽማግሌ ልከው ልጅ አስጠየቁለት። እሱ እምቢ አለ፣ እሳቸው አፈሩ። አሁን አንድ ግቢ እየኖሩ ነገራቸውን በኔ በኩል ይላላካሉ። ፖስታ ቤት ሆኛለሁ።

ቅጹ ሞልቷል፣ አንድ ቦታ ሲቀር። "የዝውውር ምክንያት" ይላል። ምን ልበል? ሙቀት? ብቸኝነት? እናቴ ናፈቀችኝ? ነገ ጠዋት እጽፈዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18፤ ጠዋት 1፡40

ሄደልኝ። ከድር አንድ ሰዓት ላይ በሬን ሲያንኳኳ ገና ያቺን ባዶ ቦታ አፍጥጬ እያየሁ ነበር። የመጀመሪያዋ ሚኒባስ ልትሞላ ነው ቲቸር፣ ቶሎ በይ አለኝ። አንድ አፍታ አልኩት። አንዱ አፍታ አሥር ደቂቃ ሆነ። ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ፣ ሌላ ቅጽ አወጣሁ፣ እንደገና ገለበጥኩ። በመጨረሻ "ጤና" ብዬ ተገላገልኩ። ውሸት ነው፣ እንደ ድንጋይ ጤነኛ ነኝ። ሰበብ ነው። አስተማሪ ሰበብ ሲያጣ ጤና ይላል።

ከመነኸሪያ ደወለ። የመጀመሪያዋ አምልጣዋለች፣ ቀጣይዋን ይዟል። ሲያማርርብኝ ድምፁ ግን ይስቃል፤ ምን እንዳገኘ እንጃ። ማታ ሲመለስ ይነዘንዘኛል። ይነዝንዘኝ።

ክፍል ረፈደብኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19፤ 9 ሰዓት

ከድር ሞተ።

እጄ ጻፈው እንጂ እኔ አላመንኩም።

ትናንት፣ ከደብረ ሲና በላይ፣ ወደ ጣርማ በር ሲወጡ። ከላይ የሚወርድ አይሱዙ ፍሬን በጠሰ። ሦስት ሰዓት ገደማ ነው ይላሉ። ወሬው አምስት ሰዓት ላይ ገባ። እኔ ክፍል ነበርኩ፤ ር/መምህሩ በመስኮት በእጁ ጠራኝ። የቤቴ ሰው መሆኑን ያውቃል።

ዛሬ ጠዋት ቀበሩት። ሴት መቃብር አትሄድም፤ ጀናዛውን ከግቢው በር ሸኘን።  እትዬ ዘሀራ አልጮሁም። ቁጭ ብለው መሬቱን በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጋሉ፣ በቀስታ፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው። ያን ማየት አልቻልኩም፣ ጓሮ ሄጄ አለቀስኩ።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ለማንም አልተናገርኩም። የመጀመሪያዋ ሚኒባስ በሰላም ደ/ብርሃን ገብታለች። ሹፌሩ ራሱ ለቅሶ መጥቶ ነገረን። አደጋው የደረሰባት መታጠፊያ ጋ ስደርስ መንገዱ ባዶ ነበር አለ።

አሥር ደቂቃ! ምነው እጄን ቄጠማ ባደረገው!

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20፤ ንጋት 12 ሰዓት

ገጽሽን ገለጥኩ። ሰኞ ላይ ከድር አለ። ማክሰኞ 1፡40 ላይም አለ፤ ይደውላል፣ ድምፁ ይስቃል። አንቺ ውስጥ አልሞተም። እነዚያ ገጾች ምንም አያውቁም። ሞኞች!

ሰኞ የት ሄደች? ጠፋች? ወይስ እዚህ ተቀምጬ ቀጣይዋ ከተማ ጀውሃ እንደማትታየኝ ሁሉ እሷም ቦታዋ ላይ ናት፣ እኔ ነኝ የራቅኋት? እንዲህ የሚሉ አሉ። ጊዜ እንደ አገር ነው፣ ሁሉም በየቦታው አለ፣ የሚያልፍ ነገር የለም ይላሉ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ይህን ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን አስጠላኝ። ሰኞ ቦታዋ ላይ ካለች ያቺ መታጠፊያም ቦታዋ ላይ አለች። ሁልጊዜ ሦስት ሰዓት፣ ሁልጊዜ አይሱዙው ሲወርድ። ኧረ አልፈልግም፣ ይለፍ!

ግን ካለፈ ደግሞ ከድር የትም የለም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21፤ 8 ሰዓት

ለቅሶ ቤት ነው የዋልኩት። አንዲት ጎረቤት፣ ክርስቲያን ናት እንደኔ፣ ሳይደግስ አይጣላም ብላ አጽናናችኝ። ልነክሳት ምንም አልቀረኝ። የምን ድግስ?

እትዬ ዘሀራ ከሴቶቹ መሃል በዓይን ጠሩኝ። አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። በጆሮዬ ነው የጠየቁኝ። ማክሰኞ አራት ሰዓት ላይ የረፋዱን ሶላት፣ ዱሃ፣ ሰግደው ዱዓ አድርገውለታል፤ ያ ረቢ ልጄን በሰላም አድርሰው ብለው። አደጋው ሦስት ሰዓት ነው አሏቸው። "አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ሰብልዬ። ዱዓዬ የት ገባ? ዘግይቼ ነው?"

እንጃ እትዬ አልኩ።  ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላል ያገሬ ሰው። ምላሴን ነከስኩ።

ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። አራት ሰዓት ላይ ሲለምኑ አላወቁም። ለሳቸው ነገሩ ገና ነበር። ፈጣሪ ደግሞ ሰዓት የለውም ይባላል፣ በነሱም በኛም። ሰዓት ከሌለው፣ አራት ሰዓት ላይ የሚለመነውን ሦስት ሰዓት ላይ መስማት ምን ያቅተዋል? አያቅተውም። እንግዲህ ሰምቷል። ሰምቶ ነው እንግዲህ…

ወይ ዘግይቷል፣ ወይ ደርሶ እምቢ ተብሏል። ለእናት የትኛው ይነገራል? ደግሞ የሚጠይቁት እኔን! ያስቀረሁትን!

ሰኞ፣ ጥቅምት 24፤ 7 ሰዓት

ጋሼ ሰይድ በሬ ላይ ቆሙ። መቼም አይገቡም። የዝውውር ወረቀቴን ሰጡኝ፤ የከድርን ልብስ ሲያስረክቧቸው ኪሱ ውስጥ አግኝተውት ነው። አልተጨማደደም እንኳ። ይቅርታ ልላቸው አፌን ስከፍት ቀና ብለው አዩኝ። "ሰበቡ አንቺ ነሽ፣ ልጄ። አንቺ ሰበብ ሆንሽ" አሉ። ሳይቆጡ፣ ዝግ ብለው። የዙህር አዛን ተሰማ። ዘወር ብለው ወደ መስጊድ ሄዱ።

ያውቃሉ። አሥሩን ደቂቃ ያውቃሉ።

ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። ልጄ ብለው ነው የገደሉኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27፤ ንጋት

ሳይነጋ እወጣለሁ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ እገባለሁ፣ በሬን እዘጋለሁ። እትዬ ዘሀራ ትናንት የተሸፈነ ሳህን በሬ ላይ አስቀምጠውልኛል። ልጃቸውን ላስቀረችባቸው ሴት ምሳ! አልወረደልኝም።

መነኸሪያው አጠገብ ክፍል አለ ብለውኛል። ጫጫታ ነው፣ ይሁን። በነሱ ዓይን ፊት መመላለስ አልችልም። ሳልናገር ልውጣ? ወይስ ተናግሬ? ጋሼ ያውቃሉ፤ ለእትዬ ነግረዋቸው ይሆን? ካልነገሯቸው፣ ከኔ አፍ መስማት ይገባቸዋል። እግሬ ግን እምቢ አለኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 1፤ 5 ሰዓት፣ መምህራን ክፍል

የዛሬው ርዕስ ምክንያትና ውጤት። መጽሐፉ ይቀልድብኛል። ምክንያት ከውጤት ይቀድማል ብዬ ጻፍኩ፣ ጠመኔው እጄ ላይ ተሰበረ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላሉ። ሥሩ የቱ ነው? የኔ አሥር ደቂቃ? ፍሬኑን ሳያይ የሸኘው መካኒክ? "ምክንያት" የሚል ባዶ ቦታ ቅጹ ላይ ያሰመረ ሰው? ፓምፑን የበላው ደለል? እንዲህ እያልኩ ብወርድ ፀሐይ ድረስ እደርሳለሁ፤ ሁሉም ጥፋተኛ ነው፣ ስለዚህ ማንም አይደለም። እንዲህ አድርጌ ራሴን ነፃ ላወጣ ስል ያቺ ክፍት ቦታ ትመጣብኛለች። ብዕሬን ይዤ አፍጥጬ፣ እሱ ውጭ።

ሌላም አለ። ማክሰኞ አንድ ሰዓት ከአሥር ላይ ያ መዘግየት ምንም አልነበረም። ተራ ነገር። ሰው ሁሉ ሰውን ያስጠብቃል። ሦስት ሰዓት ላይ ነው ኃጢአት የሆነው። አይሱዙው ባይወርድ ዛሬ አላስታውሰውም ነበር። ታዲያ ምክንያቱን ምክንያት ያደረገው ውጤቱ አይደለም? የኋላው ተመልሶ የፊቱን አጠቆረው። መጽሐፉ ይህ አይሆንም ይላል። ይበላ።

ተማሪዎቹ ዛሬ አልሳቁም። ቲቸር አመመሽ ወይ አሉኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6፤ ማታ 1 ሰዓት

ነገርኳቸው። ሁሉንም ልጻፈው፣ ሳይጠፋኝ።

ጋሼ ሰይድ ማሳ ናቸው። እትዬ ዘሀራ ማንጎው ሥር ሰፌድ ይዘው ማሾ ይለቅማሉ። ልወጣ ነው፣ ክፍል አግኝቻለሁ ልል ነበር የሄድኩት። አፌ ሌላ አወጣ። እትዬ፣ ያን ቀን ያስቀረሁት እኔ ነኝ አልኩ። አሥር ደቂቃ አስጠበቅኩት፣ የመጀመሪያዋ መኪና አመለጠችው፣ እሷ በሰላም ገባች። ለአንድ ቃል ብዬ፣ እሱም ውሸት። ጋሼም ሰበቡ አንቺ ነሽ ብለውኛል፣ እውነታቸውን ነው። ቆሜ ነበር። አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።

እጃቸው ሰፌዱ ላይ ቀረ። አውቃለሁ አሉ።

ከዚያ ያላወቅሁትን ነገሩኝ። ከድር በሬ ላይ ቆሞ መጠበቅ ሲሰለቸው ወደ ቤት ተመልሷል። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ውሃ ስጪኝ ብሏቸዋል። በሦስት ሳምንት የመጀመሪያው ቃል። ሰጡት። ጠጥቶ ሲጨርስ ብርጭቆውን ይዞ፣ እማ አፉ በይኝ፣ አስቀየምኩሽ አላቸው። እሳቸውም አንተ አፉ በለኝ፣ ሳልጠይቅህ ነው ሰው የላክሁት አሉት። ከዚያ ስለ ማጀቴዋ ልጅ ተሳሳቁ፤ ቆንጆ ናት እንዴ ለመሆኑ አለ አሉ፣ ጅሉ። እኔ ስጠራው ግንባራቸውን ስሞ ወጣ። መነኸሪያ ሆኖ ሲደውልልኝ የሳቀው ለዚያ ነው።

ጋሼ ያሉኝንም አስረዱኝ። ጎጃም እኛ ዘንድ ሰበብ ማለት ማመካኛ ነው፣ የጥፋት መደበቂያ ነው። እነሱ ዘንድ ግን ሐኪም ሰበብ ነው፣ አላህ ያድናል። ደመና ሰበብ ነው፣ አላህ ያዘንባል። ሰበብ ሆንሽ ሲሉኝ እናትና ልጅ በአንቺ በኩል ታረቁ ማለታቸው ነበር። ሊያመሰግኑኝ ነበር በሬ ላይ የቆሙት። እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከምስጋና ስሸሽ!

አለቀስኩ። የመጣልኝን ሁሉ አለቀስኩ። እፎይታ መስሎኝ ነበር።

እሳቸው ግን አላለቀሱም። ሰፌዱን አስቀመጡና እጄን ያዙ። መዳፋቸው ሻካራ ነው፣ ሞቃት።

"ባሌ ደግ ሰው ነው፤ ይሄን ይላል። ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው ነው፣ ሰበብ ነው፣ አልሐምዱሊላህ ይላል። እኔም ሰው ፊት እላለሁ። አንቺን ግን አልዋሽሽም፣ ልጄ። ተኳርፈን ቢቀር ይሻለኝ ነበር። ዕድሜ ልኬን ፊቱን አዙሮብኝ ቢኖር። ያቺ መኪና ትድረስለት እንጂ፣ አፉ ባይለኝ ምናለ!"

  እጃቸው ግን እጄን አልለቀቀም። ይጠሉኛል ማለት ነው ብዬ ልጠይቃቸው ነበር፤ ግን ሰው የሚጠላውን እጅ እንዲህ አይጨብጥም።

ቆይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሌላ ነገሩኝ። እስከዛሬ በየጠዋቱ ዱዓውን ያደርጋሉ። ጀነት አግባው የሚለውን አይደለም፣ እሱንም ያደርጋሉ። ሌላውን። ያን ቀን በመጀመሪያዋ መኪና አድርሰው የሚለውን። ሸኹ ለሞተ ሰው ምሕረት ይለመናል እንጂ ያለፈ ነገር አይለመንም ብለዋቸዋል። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፣ አውቃለሁ አሉ። ምላሴ ግን እምቢ አለኝ፣ ሰብልዬ። ያንቺስ ትምህርት ምን ይላል?

ሰሌዳ ላይ ወደኋላም ይሠራል አልኩ። ዓይኔ ግን አይቶት አያውቅም። ያየ ሰውም የለም።

"ያልታየ ሁሉ የለም?" አሉ።

 እሳቸው የሚለምኑት ነገር ቢሰማ ያቺን ደጃፍ ይወስድባቸዋል፣ ውሃውን፣ አፉ በይኝን፣ ሳቁን፣ ግንባራቸውን የሳመውን። አንድ ላይ ነው የሚሄደው። ነገርኳቸው። ይህን ያላሰቡት መስሎኝ! "ይውሰደው" አሉ። "አንድም አላስቀርም።"

ከዚያ ሰፌዱን አነሡ። ልብሴን ልስጥሽና አብረሽኝ ልቀሚ አሉ፣ የሥራ ልብስ አመጡልኝ። ፀሐይ እስክትዘቀዝቅ ማሾ ለቀምን። ክፍሉን ነገ ትቼዋለሁ እላቸዋለሁ፣ የመነኸሪያዎቹን።

ሰኞ፣ ኅዳር 8፤ ጠዋት 1፡20

ቅዳሜን ሙሉ፣ እሑድን ሙሉ አሰብኩ። እኔ እንደ ጋሼ ሰይድ አይደለሁም፤ ምስጋናቸውን መቀበል አልችልም። ሰበብነቴን በነሱ ቋንቋም በኛም ቋንቋ እሸከመዋለሁ፣ ሁለቱም እውነት ነው። ግን እትዬ ያቺን አሥር ደቂቃ ለመስጠት ከቆረጡ፣ አንድያ የቀረቻቸውን፣ እኔ ምን አለኝና እሰስታለሁ? ቀመሬን? ከውጤት ምክንያት ይቀድማል የሚለውን?

አልዋሽሽም፣ አላምንበትም። ከድር ማሳው ዳር ካለው መቃብር አይነሣም። ነገም እዚያው ነው። ግን እትዬ ዘሀራ ብቻቸውን እየለመኑ ነው፣ በድብቅ፣ ከባላቸውም ከሸኹም ተሸሽገው። ብቻቸውን አልተዋቸውም። ወስኛለሁ። እሳቸው በአራት ሰዓት፣ እኔ በአንድ ሰዓት፣ በየጠዋቱ።

ዛሬ ጀመርኩ። አንድ ሰዓት ላይ ተነሥቼ በሬን ከፈትኩ። ግቢው ባዶ ነው፣ ገና አልሞቀም። እንዴት እንደሚጸለይ አላወቅሁም፤ እኛ ዘንድም እንዲህ ያለ ጸሎት የለም። ጌታ ሆይ ብዬ ጀመርኩ፣ ቆመብኝ። እሱን ራሱን ማናገር ቀለለኝ። ሰው እንዳይሰማኝ በሹክሹክታ አልኩት።

ከድር፣ አልጨረስኩም፣ ወረቀቱ ይቅር። አትጠብቀኝ። ሂድ፣ ሳትሞላ ድረስባት።